በጨረቃ ላይ ለሚሠራ ቤት ጣሪያ ስሌት የእርዳታ ጥያቄ

ጎንደር የምገኝ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ሥራዬ በጨረቃ ደቡብ ዋልታ ለቋሚ ሰፈራ የሚሆን መኖሪያ መንደፍ ነው። ጨረርን ለመከላከል ጣሪያውን 3 ሜትር ያህል በጨረቃ አፈር መሸፈን፣ ቅርጹንም በፋሲል ግንብ እንደምናየው የድንጋይ ቅስት ማድረግ እፈልጋለሁ። ይሁን እንጂ ቅስትን አጥብቆ የሚያቆመው ክብደቱ ሲሆን፣ የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ብቻ ስለሆነ ያ ሁሉ አፈር በካሬ ሜትር ከ1 ቶን ያነሰ ጫና ያሳርፋል፤ የውስጡ አየር ግን በምድር ግፊት ልክ ከተሞላ በካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። ድንጋይ ደግሞ መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም።

ግፊቱን የሚሸከም የሚነፋ የጨርቅ ክፍል ከውስጥ አስገብቼ ቅስቱን ለአፈሩ ብቻ ልተወው? ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋባኝ የበሩ ጠንካራ የብረት ክፈፍ ከሚለጠጠው ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። በግፊት ታንከር ወይም በድንኳን መዋቅር ስሌት ልምድ ያላችሁ፣ ይህን መጋጠሚያ ከየት ጀምሬ ማስላት እንዳለብኝ ብታመለክቱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።