አዲስ መኪና ጎማ ሲበላ ማን ይክፈል?

አወያይ
የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ይህ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው የሚገዛው። በቡድናችን ደግሞ አንድ ቅሬታ እየተደጋገመ ነው። መኪናው አዲስ ነው፤ ጎማው ግን ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ሻጩ ጋ ሲኬድ "ዋስትናው ጎማን አይመለከትም" ይባላል። ይህ አግባብ ነው? የድርጅት ስም ሳትጠሩ ሐሳባችሁን ስጡ።

ባለመኪናዋ፣ ከአያት
ጉዳዩን ያነሳሁት እኔ ነኝና ልጀምር። መኪናውን የገዛሁት ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሌላ ቦታ እምብዛም አይሄድም። 14,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ኋላው ይንሸራተትብኝ ጀመር። ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ልጁ የኋላውን ጎማ ፈትቶ መሬት ላይ አጋደመው። በውጭ በኩል ጥርሱ ደህና ነው። በውስጥ በኩል ግን ሙልጭ ብሏል፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ሽቦው ብቅ ብሏል። መኪናው ቆሞ ሲታይ ምንም አያስታውቅም። ሌላኛውም የኋላ ጎማ እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ልጆቼን በዚህ ጎማ ስመላልስ ነበር።

ሻጩ ጋ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው ጎንበስ ብሎ ጎማውን እንኳ አላየም። የዋስትና ደብተሩን ገልጦ አንድ መስመር አሳየኝ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያ አይካተቱም ይላል። "ወይ አነዳድሽ ነው፣ ወይ መንገዱ ነው" አለኝ። እኔ ጎማ በነጻ ስጡኝ አላልኩም። የኋላ እግሩ ልክ ያልሆነ መኪና ሸጣችሁልኝ እንደሆነ ፈትሹልኝ ነው ያልኩት። ይህ የጎማ ጉዳይ ሳይሆን የመኪናው ጉዳይ ነው። ጎማው ማስረጃ ነው።

አስመጪ
እህቴ፣ ብሶትሽ ይገባኛል። እኔም መኪና አስመጥቼ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ የእኛንም ወገን ስሙ። ጎማ እንደ ጫማ ነው፤ በተሄደበት ልክ ያልቃል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ከመኪናው ዋስትና የሚያወጡት። እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም።

ደግሞ ሰው የሚነዳው ምን እንደሆነ ይወቅ። ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች። የቮልስዋገኑ ኤሌክትሪክ መኪና አይዲ ፎር ሁለት ቶን ገደማ ነው፤ ባትሪው ብቻውን ብዙ መቶ ኪሎ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ጉልበቱን የሚሰጠው ገና ከቆመበት ሲነሳ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ረገጥ ካደረጉት ጎማው ይፋቃል። ከቪትዝ ወርዶ ኤሌክትሪክ የያዘ ሰው የድሮውን ያህል ኪሎ ሜትር ሲጠብቅ ቅር ይለዋል። ኮብልስቶኑ አለ። ጉድጓዱ አለ። አንዴ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ከመቱ አላይመንት (የጎማዎቹ ቀጥ ብሎ መቀመጥ) የሚባል ነገር የለም። መኪናው ከእጄ ከወጣ በኋላ የሆነውን በምን አውቃለሁ?

ሌላም አለ። እኛ የምናመጣቸው ብዙዎቹ መኪናዎች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የፋብሪካው ዋስትና ድንበር ተሻግሮ አይመጣም። የምሰጠው ዋስትና የራሴ ነው፤ ከከፈልኩ ከኪሴ ነው።

ጎሚስታ፣ ከመገናኛ
አስመጪው ስለ ክብደቱ ያሉት እውነት ነው። በየቀኑ አየዋለሁ። ግን ክብደትና ረግጦ መንዳት ጎማውን ሲጨርሰው በስፋቱ ሙሉ ነው የሚፍቀው። የውስጥ ጠርዙን ብቻ ለይቶ አይበላም።

እንዴት እንደሚለይ ልንገራችሁ። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መሀሉ ከቀረ ነፋስ አንሶታል። መሀሉ አልቆ ጠርዞቹ ከቀሩ ነፋስ በዝቶበታል። ቦታ ቦታውን ጎድጎድ ካለ አሞርዛቶሩን (ንዝረት የሚያበርደውን) ወይም ባላንሱን (የጎማውን ሚዛን) እዩ። በአንድ በኩል ብቻ ከተበላ አላይመንት ነው። እጃችሁን በጎማው ስፋት ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እጅ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማው ቀጥ ብሎ አልሄደም። በሄደበት ሁሉ ወደ ጎን እየተጎተተ ነበር።

የእህታችንን መኪና በዓይኔ አላየሁትም። ግን ጉድጓድ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን እግር ነው። የግራውም የቀኙም የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል እኩል ከተበላ፣ እኔ መንገዱን ከመጠርጠሬ በፊት ከመጀመሪያውም እንዴት እንደተስተካከለ እጠይቃለሁ። ኋላው ሁልጊዜ ከባድ ዕቃ የሚጫንበት መኪናም እንደዚያ ሊያደርግ ይችላል። ልጆች ብቻ ከሆኑ የተጫኑት ግን ይህ አያስኬድም።

የሜትር ታክሲ ሹፌር
እኔ ከአስመጪው ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ብዙ ባለመኪና ነፋስ አይለካም። ልክ የሆነው ግፊት በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ስንቱ አንብቦታል? ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለዋወጥ የጎማው ነፋስ ወደ 2 ፒኤስአይ ይለዋወጣል። ጠዋት አዲስ አበባ የተለካ ጎማ ቀን አዋሽ ሲደርስ ሌላ ነው። እኔ በየሳምንቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ እለካለሁ። ጎማዬ ይቆያል።

ሻጭ ጎማ ይክፈል ከተባለ ደግሞ ነገ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። በብድር መኪና ለሚገዛ ሹፌር ያ ትልቅ ነገር ነው።

ባለመኪናዋ፣ ከአያት
ወንድሜ፣ ነፋስ እለካለሁ። ቢያንስማ ኖሮ ጎሚስታው እንዳሉት ሁለቱም ጠርዝ ነበር የሚበላው። "የፊቱን ወደ ኋላ እያቀያየርሽ ብትነጂ ኖሮ" ብለውኛል ደግሞ ሻጮቹ። የእኔ መኪና የኋላ ጎማው ከፊቱ ይሰፋል፤ አይቀያየርም። የሸጡልኝ ሰዎች ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም።

ጎሚስታ፣ ከመገናኛ
እውነቷን ነው። አይዲ ፎር ራሱ እንደዚያ ነው፤ ፊቱ 235፣ ኋላው 255 ነው። የፊቱን ኋላ ማድረግ አይቻልም። የሚቀያየረውን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ አቀያይሩ። የማይቀያየረው መኪና ላይ ግን ያለው መድኃኒት አላይመንት ቶሎ ቶሎ ማየት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪና በመርከብ ሲጫን ጎማው ከልኩ በላይ ተነፍቶ ሊመጣ ይችላል። ገዢው ከመረከቡ በፊት ወደ ልኩ የሚመልሰው ሻጩ ነው። አዲስ መኪና ገና ከመሸጫው እንደወጣ እኔ ጋ መጥቶ ነፋሱ ከልኩ በላይ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ይህንንም ሹፌሩ ነው ያደረገው እንበል?

ከቨርጂኒያ
ከዚህ ሆኜ ላክልበት። አሜሪካ ውስጥም የመኪናው ዋስትና ጎማን አይሸፍንም። ጎማው ከጎማ ፋብሪካው የሚሰጥ የራሱ የዋስትና ደብተር አለው። እዚህ ብዙዎቻችን በታክሲና በመተግበሪያ ሥራ ላይ ስላለን ጉዳዩን በደንብ እናውቀዋለን። ከአዲስ መኪና ጋር የሚመጣው ጎማ ብዙ ጊዜ የኪሎ ሜትር ዋስትና የለውም። ያለው ደግሞ አዲስ ጎማ በነጻ አያሰጥም፤ የተጠቀምክበት ተቀንሶ ነው የሚታሰበው። የማቀያየርህን ደረሰኝ ካላቀረብክም አይሰሙህም።

ከባዱ ነገር ግን እዚህ ነው። ጎማው እኩል ካላለቀ የጎማ ፋብሪካው "ችግሩ የመኪናው ነው" ይላል። መኪና ሻጩ ጋ ስትሄድ "ጎማ የእኛ አይደለም" ይልሃል። ሰው በሁለቱ መሀል ይንገላታል። የሚያድነው አንድ ነገር አለ። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች አላይመንትን ለመጀመሪያው 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ይሸፍናሉ። ጎማውን አይከፍሉም፤ ግን ጠማማውን ያስተካክላሉ፤ ወረቀትም ይሰጣሉ። ያ ወረቀት በእጅህ ካለ ክርክሩ ይቀየራል። አገር ቤትም መጠየቅ ያለበት ይኸው ይመስለኛል።

ጠበቃዋ
የሕጉን ነገር ላስረዳ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጎማ ግን በ15 ቀን አይበላም። ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሻጭ ስለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ነው። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ኃላፊነት የሚያስቀር የውል ቃል ሊኖር ይችላል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ ግን ያ ቃል አይጠቅመውም።

አሁን "ጎማ አይካተትም" የሚለውን መስመር እዩት። ጎማ አይካተትም ማለት የኋላ እግሩ አቀማመጥ አይካተትም ማለት አይደለም። ሻጮች አንዱን መስመር ለሁለቱም ያውሉታል። ደንበኞቼ የሚሸነፉት ሕግ አጥተው ሳይሆን ማስረጃ አጥተው ነው። በቃል አቤት ይላሉ፤ ያለቀውን ጎማ ጎሚስታው ጋ ጥለው ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ አላይመንቱን አስተካክለው ከዚያ ይከሳሉ። ሲስተካከል እኮ ማስረጃው ጠፋ። ከማስተካከል በፊት የነበረውን ልኬት አሳትሙ። ጎማውን ያዙት። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በፎቶ አንሱ፤ 2223 ካለ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ በ22ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ጎማ እንደሆነ ለማስረዳት ይረዳል። ደብዳቤ ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ባለመኪናዋ፣ ከአያት
እንግዲህ አቋሜን ልናገር። ጎማ ሁሉ በዋስትና ይሸፈን አልልም። እኔ የምለው፣ አዲስ መኪና ሲረከቡ ከቁልፉ ጋር ሁለት ነገር ይሰጥ። አንደኛ የአራቱም እግር የአላይመንት ልኬት። ሁለተኛ የአራቱም ጎማ የጥርስ ጥልቀት በሚሊ ሜትር። አዲስ ጎማ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.6 ላይ ሲደርስ መጣል አለበት። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ ይለካ። በአንድ በኩል እየተበላ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። ሻጩ ይህን ወረቀት ካልሰጠ፣ ጎማው በአንድ ጎን ሲበላ መኪናው ልክ እንደነበር ማስረዳት ያለበት እሱ ይሁን። መሣሪያው እሱ ጋ ነው። መኪናውን ከእኔ በፊት ያየው እሱ ነው። እኔ ከምን ተነስቼ ላስረዳ?

አስመጪ
በወረቀቱ እስማማለሁ። ለእኔም ጥበቃ ነው። ሰው ጠርዝ መትቶ መጥቶ "እንዲህ አድርጋችሁ ነው የሸጣችሁልኝ" ሲለኝ የማሳየው ይኖረኛል። የማስረዳቱ ሸክም እኔ ላይ ይሁን የሚለውን ግን አልቀበልም። ለቻይና ገበያ የተሠራ ሞዴል ልኬቱ ብዙ ጋራዦች ማሽን ላይ የለም። በተቀራራቢ ሞዴል ነው የሚሠሩት። የአንዱ ጋራዥ "ልክ ነው" የሌላው "ጠማማ ነው" ይሆናል። በዚያ ላይ ተመስርቶ እንዴት እከፍላለሁ?

ጎሚስታ፣ ከመገናኛ
ጋሼ፣ እሱ እውነት ነው፤ የማሽኑ ነገር ያስቸግራል። ግን ልኬቱን ከፋብሪካው ጠይቆ ማምጣት የሚችለው መኪናውን ያመጣው ሰው ነው። ገዢዋ ከየት ታመጣለች?

ጠበቃዋ
ፍርድ ቤት ብንቀርብ የምጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነው። ልኬቱ ሳይኖርዎት "መኪናው ልክ ነው" ብለው ሲሸጡ በምን አረጋግጠው ነበር?

አስመጪ
ይህንን አልመልስም አልልም። ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ ልኬቱን ከላኪው በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ ካገኘሁ ለገዢው እሰጣለሁ። የ5,000ውን ፍተሻም በነጻ አደርጋለሁ። ያለፈውን ጎማ ግን አልከፍልም፤ ሌላውም አስመጪ የሚከፍል አይመስለኝም።

ባለመኪናዋ፣ ከአያት
ያለፈውን በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ከማስተካከሉ በፊት የታተመው ልኬት አብሮ ተያይዟል፤ ሁለቱም ጎማዎች ቤት ናቸው። መልሱን እንዳገኘሁ የድርጅቱን ስም ሳልጠራ እዚህ አሳውቃለሁ።