በካዴምሊያ ላይ የሐሰት ኖዶችን እንዴት እንከላከል?

ማራኪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ በማራኪና በቴዎድሮስ ግቢ ላሉ ተማሪዎች ሰርቨር የሌለው የፋይል መጋሪያ እየሠራን ነው። የምንጠቀመው ካዴምሊያን ነው፤ ፋይል የት እንዳለ መረጃውን ለተሳታፊ ኮምፒውተሮች (ኖዶች) የሚያከፋፍል ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ኖድ መለያ ቁጥር (አይዲ) አለው፤ የፋይሉን መረጃ የሚይዙት አይዲያቸው ለፋይሉ ቁጥር (ቁልፍ) የሚቀርበው 20 ኖዶች ናቸው (ኬ 20)። ኖዶቹ ወደ 300። በሙከራ አንድ ላፕቶፕ 200 አይዲ ፈጥሮ ገባና የፈለገውን ፋይል ከፍለጋ ሰወረው። አይዲ ለማውጣት የስሌት እንቆቅልሽ ብናስገድድ ይበቃል?

ደንቢያ፦
ብቻውን አይበቃም። ጆን ዱሰር በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ማንነት የሚያረጋግጥ ማዕከል ከሌለ የሐሰት አይዲን ጨርሶ መዝጋት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ የሚቻለው ማስወደድ ነው።

ለአጥቂው 200 እንኳ አያስፈልገውም። ለፋይሉ ቁልፍ ከሁሉም የሚቀርቡ 20 አይዲዎች ይበቁታል። 300 ኖድ ባለበት አንድ አይዲ ያን ያህል የመቅረብ ዕድሉ በግምት 1/300 ስለሆነ 6,000 ያህል ሞክሮ ያገኛቸዋል። አይዲውን ከፐብሊክ ኪይ ሀሽ (ከተጠቃሚው ይፋዊ ቁልፍ ተሰልቶ ከሚወጣ፣ አስቀድሞ ከማይመረጥ ቁጥር) ብታወጡትም ይህ ለላፕቶፕ የአፍታ ሥራ ነው። እንቆቅልሹ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ሙከራ 10 ሰከንድ ከፈጀ 6,000ው ከ16 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የእንቆቅልሹ ስሌት ግን ሻ-256 የተባለው የሀሽ ዓይነት አይሁን፤ ግራፊክስ ካርድ ያለው አጥቂ፣ ስልክ ብቻ የያዘውን ተማሪ እጅግ ይቀድመዋል። ብዙ ሜሞሪ የሚጠይቀውን አርጎን2ን በ64 ሜጋባይት ሞክሩ።

አይዲው በየወሩ ይታደስ። እንቆቅልሹ ውስጥ ቀን ብቻ ካስገባችሁ የመጪውን ወር አስቀድሞ ይሠራዋል፤ እንደ ቢትኮይን ብሎክ ሀሽ ያለ፣ ቀኑ ሳይደርስ የማይገመት ቁጥር ያስፈልጋል።

አንገረብ፦
በአይፒ መገደብም አለ፤ ከአንድ /24 (256 ተከታታይ የአይፒ አድራሻዎች) በአንድ ባልዲ (ኖዱ የሚያውቃቸውን ኖዶች በርቀት ከፋፍሎ በሚይዝበት ዝርዝር) 2 ኖድ ብቻ፣ አይፒቪ6 ከሆነ በ/64። ለእናንተ ግን አልመክረውም፤ ግቢው በሙሉ በአንድ አድራሻ ከወጣ የምታባርሩት ተማሪውን ነው። ይልቅ ፋይሉን ሦስት የተለያየ ሳልት (ቁልፉ ሲሰላ የሚታከል፣ ውጤቱን የሚለውጥ ቁጥር) ጨምራችሁ በሦስት ቁልፍ አስቀምጡት። አጥቂው የሦስቱንም ቁልፎች ሠፈር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የሚቀርቡትን 20 ቦታዎች፣ መያዝ ይኖርበታል። በተለያዩ መንገዶች መፈለግ ብቻውን አያድንም፤ መጨረሻ ላይ ያሉት 20ዎቹ የእሱ ከሆኑ መንገዱ ሁሉ እሱ ጋር ያደርሳል።

ማራኪ፦
ተማሪዎቹ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው ከነባር አባላት ዋስ ብንጠይቅስ?

ደንቢያ፦
ለእናንተ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ግን የዋሱን ቁጥር አትቁጠሩ፤ ሁለት ሐሰተኞች ከገቡ ለሌሎቹ ዋስ እየሆኑ መቶ ያስገባሉ። ከመሥራቾቹ እስከ አዲሱ በዋስ ሰንሰለት የሚደርሱ፣ መሃል ላይ አንድም ሰው የማይጋሩ 3 መንገዶች መኖራቸውን አረጋግጡ። አንድ አባል በሴሚስተር ከ3 ሰው በላይ ዋስ አይሁን፤ አዲስ የገባም 30 ቀን ይጠብቅ።