ሃይፋ ውስጥ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር የትኛውን የአትክልት ስፍራና የባሕር ዳርቻ ብንጎበኝ ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከኪርያት ጋት

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እኅቶች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ለሁለት ቀን ወደ ሃይፋ ለመሄድ አስቤአለሁ። እናቴ ስለ ነቢዩ ኤልያስ ሲነገር የቀርሜሎስን ስም እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ እስራኤል ከገቡ ሠላሳ ዓመት ቢያልፋቸውም ተራራው ላይ ቆመው ባሕሩን አይተው አያውቁም። የሚያሳስበኝ ጉልበታቸው ነው፤ ደረጃ መውረድም እንደ መውጣቱ ያሠቃያቸዋል። ልጆቹ 6 እና 11 ዓመታቸው ሲሆን ከባሕር ሌላ ነገር አይታያቸውም። የባሃኢ እምነት ተከታዮችን የአትክልት ስፍራ ያየ ሁሉ ያወድሰዋል፤ እናቴ ሳይደክሙ ሊያዩት የሚችሉበት መንገድ ይኖር ይሆን? ከባሕር ዳርቻዎቹስ ለልጆች አደጋ የማይበዛበት፣ ነጠላ ለብሰው ጥላ ሥር ለሚቀመጡ እናትም የሚመች የትኛው ነው?

የሃይፋ ነዋሪ

እኅቴ፣ እናታችንን ወደ ቀርሜሎስ ለማምጣት በማሰብሽ ደስ ብሎኛል። ሃይፋ ከወደቡ እስከ ተራራው ጫፍ ሽቅብ የተሠራች ከተማ ስለሆነች፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ዋናው ነገር ከላይ መጀመር ነው። ከታችኛው ከተማ፣ ከፓሪስ አደባባይ፣ ካርሜሊት የምትባለው ከመሬት በታች የምትሄድ ባቡር በስድስት ጣቢያዎች ብቻ 274 ሜትር ከፍታ ሽቅብ ወጥታ ጋን ሃኤም ላይ ታደርሳችኋለች። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የምትሠራ ናት፤ ልጆቹ ይወዷታል። ጋን ሃኤም ማለት የእናት የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ትልልቅ ዛፎች፣ አግዳሚ ወንበሮችና የልጆች መጫወቻ አሉት፤ በውስጡም አነስተኛ የእንስሳት ማሳያ አለ።

ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ በሉዊ የእግር መንገድ በቀስታ ብትሄዱ፣ ሽቅብም ቁልቁልም ሳይበዛባችሁ ከባሃኢ የአትክልት ስፍራ የላይኛው በር ትደርሳላችሁ። እናታችን ሊቆሙበት የሚገባው ቦታ ይህ ነው። ከእግራቸው በታች እርከኖቹ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ መካከል ላይ በወርቅ የተለበጠው ጉልላት ይታያል፤ ከእርሱ በታች የቤን ጉሪዮን ጎዳና ቀጥ ብሎ ወደ ወደቡ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕረ ሰላጤው እስከ አኮ ድረስ ይዘረጋል።

እርከኖቹ 19 ናቸው። የነደፋቸው ፋሪቦርዝ ሳህባ የተባለ ኢራናዊ ተወላጅ አርክቴክት ሲሆን ለሕዝብ የተከፈቱት በ2001 ነው። ጉልላቱ ያረፈበት ሕንፃ በ1850 በኢራኗ ታብሪዝ ከተማ ውስጥ የተገደለው፣ የባሃኢ እምነት አብሳሪ የሆነው የባብ መቃብር ነው፤ በ2008 ዩኔስኮ ከሌሎች የባሃኢ ቅዱሳን ቦታዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ውኃውን ነው። ከደረጃው ግራና ቀኝ በጠባብ ቦይ እየተንኮረኮረ ስለሚወርድ፣ ሁለት ሦስት እርከን እንደ ወረድህ የመኪናው ጩኸት ከጆሮህ ይጠፋል።

መግቢያው በነፃ ነው። እርከኖቹን ለመውረድ ግን ከአስጎብኚ ጋር ወደ 700 የሚጠጋ ደረጃ መሄድ ስለሚያስፈልግ ይህን ለእናታችን አልመክርም። ይልቁንም ከላይ ካዩ በኋላ በታክሲ ወደ ሃጺዮኑት ጎዳና ውረዱና በዚያ በኩል ባለው በር ወደ መቃብሩ ግቡ፤ ከቀትር በፊት መሆን አለበት፣ ከዚያ በኋላ ይዘጋል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይፈለጋል፣ ውስጥ ሲገባም ጫማ ይወለቃል። የእናታችን አለባበስ ለዚህ ቦታ የተሰፋ ያህል ነው። እዚያው ጎዳና ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ የኡርሱላ ማልቢን የነሐስ ቅርጻ ቅርጾች በሣር ላይ የቆሙበት መናፈሻ አለ፤ የሚጫወቱ ልጆችና እንስሳት ስለሆኑ ልጆችሽ እጃቸውን እያሳረፉባቸው ይዘዋወራሉ። ጉብኝቱን ሁሉ በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ ባሕሩን ለሁለተኛው ቀን አቆዩት።

የዋና አሠልጣኝ፣ ከሃይፋ

ስለ ባሕሩ እኔ ልጨምር። ለእናንተ የሚስማማችሁ ዳዶ የሚባለው ዳርቻ ነው። ስያሜውን ያገኘው በ1973ቱ ጦርነት የጦር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ከነበሩት ከዳቪድ ኤላዛር የቤት ስም ነው። ከሆፍ ሃካርሜል የባቡር ጣቢያ ጀምሮ በባሕሩ ዳር የተነጠፈው የእግር መንገድ ሜዳ ስለሆነ ለጉልበት አያስቸግርም፤ ጥላና መቀመጫም ይገኛል። ባት ጋሊም ውብ ነው፤ ነገር ግን ማዕበሉ የሚስበው በሰሌዳ የሚንሳፈፉትን ወጣቶች ስለሆነ ለ6 ዓመት ልጅ አልመርጠውም። እናታችሁ ከወንዶች ተለይተው እግራቸውን ውኃ ውስጥ መንከር ከፈለጉ፣ ሆፍ ሃሻኬት የሚባለው ዳርቻ ለሴቶችና ለወንዶች በየተራ የተከፈሉ ቀናት ስላሉት በር ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ግቡ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ የነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ቦታም ሆነ ሰዓት ልጆቹ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንዳይገቡ። ነጭ ባንዲራ መዋኘት ይቻላል ማለት ነው፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። ከላይ ጸጥ ያለ የሚመስል ውኃ ከሥሩ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት ሊኖረው ይችላል። የ11 ዓመቱ ልጅ ውኃው ከወሰደው በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ እንዳይታገል፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘ ከጅረቱ እንዲወጣ አስቀድመሽ ንገሪው። በበጋው ወራት ደግሞ በስዊዝ ቦይ በኩል ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣው መዱዛ የሚባለው የሚናደፍ የባሕር እንስሳ በብዛት ይታያል። ልጆቹን ከነደፋቸው የተነደፈውን ቦታ በባሕሩ ውኃ ብቻ እጠቢው፤ በቧንቧ ውኃ አትጠቢው፣ በአሸዋም አትሺው።

ሌላ ነዋሪ

በካርሜሊት ጉዳይ አንድ ማስተካከያ አለኝ። ጣቢያዎቹ እንደ ተራራው ያዘነበሉ በመሆናቸው መሳፈሪያው ራሱ ደረጃ ነው፣ የባቡሩም ወለል እንዲሁ። እናትዎ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ይውጡ፤ ልጆቹ ከሌላ አዋቂ ጋር በካርሜሊት ይምጡ። አርብ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ቀን እንደማትሠራም ያስቡበት።

ጠያቂ፣ ከኪርያት ጋት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ትናንት ማታ ተመልሰናል። እናቴን በታክሲ አወጣናቸው። የላይኛው በር ላይ መከታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ፤ ከዚያ የኤልያስ አገልጋይ ሰባት ጊዜ እየተመላለሰ ወደ ባሕር ተመልክቶ በመጨረሻ ትንሿን ደመና ያየበትን ታሪክ ለልጆቹ በአማርኛ ነገሯቸው። ትንሹ ልጅ «ደመናው የት አለ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ወደ አኮ በኩል በጣታቸው አሳዩት። በማግሥቱ ዳዶ ላይ ነጭ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር፤ እናቴ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። መዱዛ አላገኘንም።