«ድሬ ምን ወሬ አላት?» ፖድካስት እንጀምር ወይስ እንተወው?

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሻይ እየጠጣን ፖድካስት ልንጀምር ነው ብዬ ሳወራ አንዱ ወዳጃችን «ድሬ ምን ወሬ አላት? ወሬ ያለው አዲስ አበባ ነው» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ እንጀምር ወይስ እንተወው?

ሳቢያን፦ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እለዋለሁ። በየሳምንቱ እንግዳ ከየት ታመጣለህ? ሦስት ክፍል ሠርተው የጠፉትን ስንቱን አየን። መጀመሩ ቀላል ነው፣ አሥረኛው ላይ መድረስ ነው ጉዱ።

ደቻቱ ማዶ፦ «ምን ወሬ አላት?» አቦ፣ ይሄ ካንተ አይጠበቅም! ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደ ነው ከተማችን ሜዳው ላይ የተቆረቆረችው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ይነግርህ ነበር። ማታ ማታ ሲያወራ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን አልቀዳሁትም። አሁን ያ ድምፅ የለም።

ሳቢያን፦ ነፍሱን ይማር። ግን እኔ ወሬ ነው ያልኩት፣ ታሪክ አላልኩም። ታሪክማ ሞልቷል።

ጁገል፦ ወሬና ታሪክን ማን ለያያቸው? ደግሞ ሐረርን ተራራ ብላችሁ አትለፏት። ድሬ ራሷ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው።

ደቻቱ ማዶ፦ ስሙ አልጸናማ! ድሬ ድሬ ሆና ቀረች።

ገንደ ቆሬ፦ እሱን ተዉትና ስለ ቀረጻው እናውራ። እኛ ቤት ሞክረን ነበር። ቬንትሌተሩን ስናጠፋው ላባችን ጠብ ጠብ ይላል። ስናበራው ቅጂው ሙሉ ሹውው ነው። መስኮት ስንከፍት ባጃጅ። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ስልኩን ከአፋችን አንድ ስንዝር አርቀን፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቀዳን። ያኔ ጥርት አለ። ቋንቋውስ? እኛ ሰፈር ወሬ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልቃል፣ መሐል ላይ ሶማሊኛ አለ።

ሳቢያን፦ በአማርኛ ብቻ ይሁን። እንግዳውም አንቱ ይባል። አዲስ አበባ ያለው ሰው ካልገባው ማን ያዳምጣል?

ደቻቱ ማዶ፦ ይኸው፣ አሁንም አዲስ አበባ! የድሬን ሽማግሌ አንቱ ብትለው የተቆጣኸው መስሎት ዝም ይልሃል። አንተ በለውና እስኪነጋ ያወራሃል። ጅቡቲ ያለው የድሬ ልጅ ቢሰማው ያለቅሳል።

ሳቢያን፦ አልቅሶስ? በሚቀጥለው ሳምንት ምን ታሰማዋለህ?

የከዚራ ልጅ፦ ሰፈራችን አንድ የባቡር ጡረተኛ አለ። ነገ ማታ እሄዳለሁ። ፖድካስት ይሁን አይሁን ገና አልወሰንኩም። ድምፁን ግን እቀዳለሁ።

ሳቢያን፦ ቅዳ። እኔ ያልኩትን አላነሳም። የአሥር እንግዳ ስም ጽፈህ አምጣና እንነጋገር።

ገንደ ቆሬ፦ ብርድ ልብሱ እኔ ጋ አለ፣ መጥተህ ውሰድ።