መከራን መቀበል በአይሁድ ትምህርት፦ ልብ የሚያርፈው እንዴት ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። ታላቅ እህቴ ከታመመች ወዲህ የአይሁድ ሊቃውንት ስለ እምነትና ስለ ልብ ዕረፍት ያስተማሩትን እያነበብኩ ነው። የጥንቱ የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ ሚሽና፣ በረኾት (በረከቶች) በተባለው ክፍሉ፣ ሰው ስለ ደጉ ነገር እንደሚባርክ ሁሉ ስለ ክፉውም እግዚአብሔርን ሊባርክ እንደሚገባው ያዝዛል፤ የሚሽና ሰፊ ትንታኔ የሆነው ታልሙድ ደግሞ መከራውን በደስታ ይቀበል ማለት ነው ብሎ ያብራራዋል። የከበደኝ እዚህ ላይ ነው። እህቴ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት እየሰማሁ ደስ ሊለኝ አይችልም፤ ደስ ያለኝ መስዬ ብጸልይም በፈጣሪ ፊት መዋሸት ይሆንብኛል። ለመሆኑ መቀበል ማለት ሕመሙን ደግ ነው ብሎ ማመን ነው ወይስ እጅን አጣጥፎ የሚመጣውን መጠበቅ? በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ 1
እግዚአብሔር እህትዎን ይማርልን። የበረከቱን ቃላት ልብ ብለው ቢያዩ ፍርሃትዎ የሚቀልልዎ ይመስለኛል። መልካም ዜና የሰማ ሰው እግዚአብሔርን «ደግና ደግ አድራጊ» ብሎ ይባርካል፤ መርዶ የደረሰው ግን «እውነተኛው ዳኛ» ይላል እንጂ የደስታውን በረከት እንዲደግም አይጠየቅም። ስለዚህ ሕጉ ራሱ ክፉውን ክፉ ብሎ ይጠራዋል፤ ከሐዘንተኛው የሚፈልገው በሐዘኑ ውስጥም ቢሆን ፊቱን ከፈጣሪ እንዳያዞር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1040 እስከ 1105 የኖረው ታላቁ የታልሙድ ተንታኝ ራሺም ያንን ደስታ በሙሉ ልብ መቀበል ነው ብሎ ተርጉሞታል። በሙሉ ልብ የሚያለቅስ ሰው አይዋሽም።

ምላሽ 2
እኔ በሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ልናገር። በዚያው የሚሽና ምዕራፍ፣ ከመንገድ ሲመለስ ከከተማው ጩኸት የሰማ ሰው «ይህ ከእኔ ቤት አይሁን» ብሎ ቢጸልይ ጸሎቱ ከንቱ ነው ይላል፤ ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ የሆነው ሆኗልና። ምዕራፉ ግን ሰውዬውን በዚያ አይተወውም፤ ስላለፈው እያመሰገነ ስለሚመጣው እንዲጮኽ ያስተምረዋል። እንግዲህ የሚቀበሉት የሆነውን ነው፤ ገና ስላልሆነው መለመንም መድከምም የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚጠበቅብን ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን በስፔን የኖረው የአይሁድ ሊቅ ባህያ ኢብን ፓኩዳ «የልብ ግዴታዎች» ከተባለው መጽሐፉ፣ «በር» ከሚባሉት 10 ክፍሎች አራተኛውን በእግዚአብሔር ለመታመን ሰጥቶ፣ የመታመን ዋናው ነገር የነፍስ ዕረፍት መሆኑን ሲያስረዳ፣ ያው የሚታመነው ሰው ለእንጀራው እንዲሠራና ለጤናው መድኃኒት እንዲፈልግ፣ ውጤቱን ግን ለፈጣሪ እንዲተው ያሳስባል። እህትዎን ሐኪም ዘንድ መውሰድዎ እምነትዎን ከቶ አይቀንሰውም።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። አህያው፣ አውራ ዶሮውና መብራቱ በአንድ ሌሊት ጠፍተውበት ሳለ «መሐሪው የሚያደርገው ሁሉ ለበጎ ነው» ያለውን የጥንቱን የአይሁድ መምህር የራቢ አኪባን ታሪክ ለእህቴ ባነብላት ያጽናናት ይሆን?

ምላሽ 3
እርሷ ካልጠየቀችዎ አያንብቡላት። ራቢ አኪባ ያንን የተናገረው በራሱ ላይ ስለደረሰው እንጂ ሌላውን ሕመምተኛ ለመገሠጽ አይደለም፤ በመከራ ላይ ላለ ሰው እንደ ኢዮብ ወዳጆች መናገርንም ታልሙድ በቃል ከመበደል ይቆጥረዋል። እዚያው በበረኾት የተጻፈውን ሌላ ታሪክ ይመልከቱ። ራቢ ዮሐናን የታመመውን ራቢ ሒያ ባር አባን ሊጠይቅ ገብቶ «ሥቃይህን ትወደዋለህን?» ቢለው፣ በሽተኛው «ሥቃዩንም ዋጋውንም አልፈልግም» ብሎ መለሰ። ታላቁ መምህር አልተቆጣም፤ «እጅህን ስጠኝ» አለውና አስነሣው። በኋላ ራቢ ዮሐናን ራሱ ሲታመም ሌላ ሰው መጥቶ አነሣው፤ ለምን ራሱን አላነሣም ለሚለው ጥያቄ ታልሙድ የሚሰጠው መልስ፣ እስረኛ ራሱን ከእስር ቤት ሊያወጣ አይችልም የሚል ነው። መቀበል ለሕመምተኛ ብቻውን የሚጫን ሸክም እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ስለዚህ ሌሊት ስታቃስት አጠገቧ ይቀመጡ፤ ልትናገር ብትፈልግ፣ በፈጣሪም ላይ ብታማርር እንኳ፣ ሳያቋርጡ ያድምጧት። መዝሙር ከጠየቀችዎም የምስጋናውን ብቻ ሳይመርጡ፣ «እስከ መቼ?» እያለ የሚጮኸውን መዝሙር 13ንም ያንብቡላት።