ጋውን ያልለበሰ ሐኪም ታምናላችሁ?

ትንሿ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት እናቴን ሐኪም ጋ ወስጃት ነበር። የገባው ልጅ ቲሸርትና ስኒከር ለብሷል፣ ጋውን የለ፣ ባጅ የለ። እናቴ የካርድ ክፍል ሠራተኛ መስሏት «ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችው። ዶክተሩ ለካ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቃትን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የመለሰችለት። ሌሊት ስትተኛ እንደሚያፍናት እንኳን አልነገረችውም። ቤት ገብተን «ለምን ደበቅሽው?» ስላት «ምኑን አምኜ?» አለችኝ። ልጁ እኮ ጎበዝ ነው፣ ረጋ ብሎ ነው ያዳመጣት፣ ልብሱ ግን አስናቀው። እውነት ልብስ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይስ የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው?

የሌሊት ተረኛ
ነርስ ነኝ። መጀመሪያ አንድ ነገር፦ ሲተኙ መታፈን ከልብ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ አሳውቂ። ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ የእናትሽ ብቻ አይደለም። በ2018 በወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በ10 የማስተማሪያ ሆስፒታሎች 4,062 ታካሚዎች ተጠይቀው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሐኪሙ አለባበስ ግድ ይለናል ብለዋል፤ ከሁሉም የመረጡት ደህና ልብስ ላይ የተደረበ ነጭ ጋውን ነው። ግን ጋውንም ለሁሉም እኩል አይሠራም። አብራኝ የምትሠራ ዶክተር ጋውን ለብሳ፣ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ መርምራ መድኃኒት ከጻፈች በኋላ «ሲስተር፣ ዶክተሩን ጥሪልኝ» ትባላለች። አጠገቧ የቆመው ወንድ ተማሪ ግን ገና በሩን ሲከፍት «ዶክተር» ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

አልጋ ቁጥር 9
እኔ ጋውን አያሳምነኝም። ተኝቼ በታከምኩበት ጊዜ ሐኪሙ ቁስሌን ሊያይ ጎንበስ ሲል የጋውኑ እጅጌ ጫፍ ዓይኔ ሥር መጣ። እስክሪብቶ የነካው፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ ቢጫ ነገር የደረቀበት። በዚያው እጅጌ ከእኔ በፊት ስንት አልጋ ነክቷል ብዬ አሰብኩ። እንግሊዝ በ2007 ሐኪሞች ከክርን በታች ምንም እንዳይለብሱ፣ ሰዓትም እንዳያስሩ መመሪያ ያወጣችው እጅ በደንብ እንዲታጠብ ብላ ነው። ደግሞ ነጩ ጋውን ከጥንት የነበረ አይደለም። ቶማስ ኢኪንስ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1875 የሳላቸው ሐኪሞች ጥቁር ኮት ለብሰው ነው ኦፕራሲዮን የሚያደርጉት፣ በ1889 የሳላቸው ግን ነጭ ለብሰዋል። ቀለሙ የተለወጠው ሐኪም ስለ ጀርም ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ከቆሸሸ ጋውን ንጹሕ ቲሸርት ይሻለኛል።

ግፊቴ
የእኔ ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ ጋውን ሳይ ልቤ ይመታል። ሐኪም ጋ 152 በ94 የሆነው ግፊቴ ቤት ስለካው 124 በ78 ነው። ስሙም «የነጭ ጋውን ግፊት» ይባላል። መድኃኒት ልጀምር ስል ሐኪሜ ለሳምንት ቤት እየለካሁ እንድጽፍ አደረገችኝ። የሕፃናት ሐኪሞች ብዙዎቹ ጋውን የሚያወልቁት ልጆቹ እንዳይፈሩ ነው አሉ፣ ትልቅ ሰውም ይፈራል እኮ!

ትንሿ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የሌሊት ተረኛ፣ ያልሽኝ አስደንግጦኝ ወዲያው ደወልኩ። ራሱ ልጁ ነው ያነሳው፣ «አሁኑኑ አምጫት» አለኝ። ለእናቴ ስነግራት «ያ ባለ ቲሸርቱ?» አለችና ነጠላዋን አነሳች። እየወጣን ነው።