ለሐይቅ ዳር አዳር የሚሆን የመኝታ ከረጢት ግዥ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ጠቅላላ ጉባኤው ለአዳር ጉዞ የሚውሉ ሃያ የመኝታ ከረጢቶች በማኅበሩ ገንዘብ እንዲገዙ ወስኗል። ምን ዓይነት ይገዛ የሚለውን ግን ለእኛ ትቶታል። ሥራ አስፈጻሚው የሚጠብቀው አንድ የተስማማንበት ጽሑፍ ስለሆነ እዚሁ ተወያይተን እናውጣው። መነሻ እንዲሆን ያሰፈርሁት ይህ ነው፦ «ከረጢቱ ቀላል፣ ሲጠቀለል ትንሽ ቦታ የሚይዝና እርጥበት የሚችል ይሁን፤ ጣና ዳር ላሉት ለዘጌና ለጎርጎራ፣ ለደቅ ደሴትና ለጉና ተራራ ጉዞ ያገልግል።» አርሙት፣ ጨምሩበት፣ የማይሆነውን ሰርዙ።

የጉዞ አስተባባሪ፦
ከሁሉ በፊት «ጉና» ይውጣ እላለሁ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ጉናን የሚችል ከረጢት ሐይቅ ዳር ያልባል። ያላበው ሰው ዚፑን ከፍቶ ይተኛል፤ ላቡ ግን ከረጢቱ ውስጥ ይቀርና ሌሊቱ ሲጋመስ መልሶ ያበርደዋል።

እኛን የሚያስቸግረን እርጥበቱ ነው። አብዛኛው ጉዟችን ከመስከረም እስከ ጥር ነው። በመስከረምና በጥቅምት መሬቱ የክረምቱን ውኃ ገና አልጨረሰም፤ በፎገራ በኩል ያለው ዳርቻማ ረግረግ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛውም ይበረታል። ሲነጋ የድንኳኑ ጣሪያ ከውጭም ከውስጥም ርሶ ይገኛል፤ ከውስጥ ያለው የእኛው ትንፋሽ ነው። ወደ ደሴቶቹ ስንሻገር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተነሣ ማዕበሉ ጀልባው ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይረጨዋል። ስለዚህ የምንገዛው ከረጢት አንድ ቀን መርጠቡ አይቀርም። ሻጩን የምንጠይቀው ጥያቄ «እርጥብ ሆኖ ያሞቃል ወይ? በስንት ሰዓት ይደርቃል?» የሚል ይሁን።

አባል፣ ከወጣቶች ክፍል፦
ስለ ጉና እስማማለሁ። ሆኖም የሚሸከመው ሰው አይረሳ። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ምድጃውንና ውኃውን የምንሸከመው እኛ ነን። በዝይ ወይም በዳክዬ ላባ የተሞላ ከረጢት ለሐይቅ ዳር በሚሆን ሙቀት ከአንድ ኪሎ በታች ይመዝናል፤ ሲጠቀለል አምስት ስድስት ሊትር ቦታ ይበቃዋል። በፖሊስተር የተሞላው ለተመሳሳይ ሙቀት አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ነው፤ ቦታውም እጥፍ ይሆናል። አሁን ደግሞ ውኃ እንዳይዝ የታከመ ላባ ይሠራል። በደንብ ከተያዘም የላባው ዕድሜ ይረዝማል። እኔ የምመርጠው ላባውን ነው።

ንብረት ክፍል፦
ልጄ፣ ስለ ክብደቱ ያልኸው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። የእኔ ጉዳይ ከጉዞው መልስ ያለው ነው።

በስጦታ ያገኘነውን አንድ የላባ ከረጢት አጠገቤ ዘርግቼ ነው የምጽፈው። የእግሩ በኩል የድንኳኑን ግድግዳ እየነካ ያደረ ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሣው በእያንዳንዱ ስፌት ጥግ አውራ ጣት የምታህል ጓል ላባ ትታያለች፤ የቀረው ባዶ ጨርቅ ነው፣ ከኋላው ያለው እጄ ይታየኛል። ላባ የሚያሞቀው ተነፋፍቶ በመካከሉ አየር ሲይዝ ነው። ሲረጥብ ተጣብቆ ይከማቻል፣ አየሩም ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሰውየው የተኛው በሁለት ስስ ጨርቅ መካከል ነው። ጓሏን በጣት እየፈቱ፣ እያራገፉ፣ በፀሐይ እያገላበጡ መመለስ ይቻላል፤ ግን ቀናት ይፈጃል። በነሐሴ ጨርሶ አይሆንም፤ ሳይደርቅ ይሸታል። የታከመውም ላባ ቢሆን መርጠቡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በታጠበ ቁጥርም ሕክምናው እየደከመ ይሄዳል።

የአንድ ሰው የግል ዕቃ ቢሆን ላባ ግዛ እልሃለሁ፤ ትጠነቀቅለታለህና። የማኅበር ዕቃ ግን እሑድ ማታ ተመልሶ ዓርብ ለሌላ ሰው ይወጣል። ፖሊስተሩ ውኃ ወደ ውስጥ አይመጥም። ተጨምቆ በጥሩ ፀሐይ ገመድ ላይ ከዋለ ማታ ይነሣል፤ እርጥብ ሆኖም ሙቀቱ ሁሉ አይጠፋም። ለባሕር ዳር የሚሆነው እርሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ከመወሰናችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁሉም ሰው ቤቱ ጋቢ አለው፤ የደጋው ሰው በባና ያድራል። ይህ ለምን አይበቃንም? የማኅበሩን ገንዘብ የማወጣው አሳማኝ ምክንያት ይዤ መሆን ስላለበት ነው የምጠይቀው።

አባል፣ ልብስ ሰፊ፦
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ አንዴ ከጠጣ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ደረቅ ቤት ውስጥ ከእርሱ የሚሻል የለም፤ ሐይቅ ዳር ግን ሲነጋ ከብዶና ቀዝቅዞ ይገኛል። ባና ሱፍ ነው፣ ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። የደጋ ሰዎች አውቀው ነው የመረጡት። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ሃያ ባና በጀርባ አይሄድም። በጀልባ ብቻ በምንሄድበት ጊዜ ሁለት ሦስት ባና ለትርፍ ብንይዝ ግን ደስ ይለኛል።

ስለ ስፌቱም ልናገር፤ ሥራዬ ነውና። ርካሹ ከረጢት ላይ መርፌው ከውጭው ጨርቅ ገብቶ በውስጠኛው ይወጣል። በዚያ መስመር ላይ ሙሌቱ ተጨፍልቆ ምንም ውፍረት የለውም፤ ብርዱ በመስመሩ ይገባል። ሻጩ ፊት የውጩን ጨርቅ በአንድ እጅ፣ የውስጡን በሌላው ይዛችሁ ሳብ አድርጉ። ሁለቱ በየስፌቱ ተያይዘው አብረው ከመጡ አትግዙ። ጥሩው በሁለት ንጣፍ የተሞላ ነው፣ ስፌቶቹም አይገጣጠሙም። ከዚፑ ጀርባ እንደ ጣት የወፈረ ድርብ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች መኖሩን እዩ። ዚፑንም በአንድ እጅ ደጋግማችሁ ክፈቱት፤ ጨርቅ የሚነክስ ከሆነ በጨለማ ይቀደዳል።

አባል፣ ነርስ፦
መለያው ላይ ስለሚጻፉት ቁጥሮች ላስረዳ። አይሶ 23537 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የተፈተነ ከረጢት ሦስት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው የምቾት ሙቀት ነው፤ አንዲት ሴት ተዘርግታ ሳይበርዳት የምትተኛበት ነው። ሁለተኛው ወሰኑ ነው፤ አንድ ወንድ ተኮራምቶ የሚያድርበት። ሦስተኛው የመጨረሻው ጽንፍ ሲሆን ሕይወትን ለማትረፍ ብቻ የሚያገለግል ነው። የምቾት ሙቀቱ 5 ዲግሪ የሆነ ከረጢት ጽንፉ ከዜሮ በታች 14 ወይም 15 ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ሻጭ ይህንን በትልቁ ጽፎ ይሸጣል። እኛ የምናየው የመጀመሪያውን ብቻ ይሁን። የባሕር ዳር ሌሊት በታኅሣሥና በጥር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ 5 ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ሰው ለአደጋ የሚጋለጠው በበረዶ ቦታ ብቻ አይደለም። እርጥብ ልብስና ነፋስ ካለ በ10 ዲግሪም ይደርሳል። ለመኝታ የሚለበስ ደረቅ ልብስ ለየብቻ ይያዝ።

ሌላው ወባ ነው። ከክረምቱ በኋላ ያለው የጉዟችን ወቅት በአካባቢያችን ወባ የሚበረታበትም ነው። ትንኝ ሲያስቸግራቸው ልጆቹ ከረጢቱን እስከ አናታቸው ስበው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሱት እርጥበት ደረታቸው ላይ ያለው ሙሌት ውስጥ ይገባል፤ ሲነጋ «ከረጢቱ አልሞቀንም» ይላሉ። አጎበር ያለው ሰው አፍንጫውን ውጭ አድርጎ ይተኛል። ስለዚህ የድንኳኑ መረብ ያልተቀደደ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ድንኳን ለሌለውም አጎበር በዚሁ ሐሳብ ውስጥ ይግባ።

አባል፦
ውጩ ጨርሶ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ብንገዛስ? እርጥበቱ ሁሉ ያልቅ ነበር።

የጉዞ አስተባባሪ፦
ወንድሜ፣ ከውጭ የማያስገባው ከውስጥም አያስወጣም፤ ከገላችን በሚወጣው ላብ እንርሳለን። የሚተነፍስ ናይለን ሆኖ ላዩ ላይ ጠብታ የሚያንከባልል ሽፋን ይበቃል። በጉዞ ላይ የሚከላከለው መያዣው ነው። ማዳበሪያ ብቻውን ውኃ ያሳልፋል። ወፍራም ፌስታል ከውስጥ አድርገን አፉን ጠምዝዘን ካሰርነው ግን ጀልባ ላይ አያሳፍረንም። አፉ የሚጠቀለል መያዣ ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ከሥር የሚነጠፈው ነገር እስካሁን አለመነሣቱ ያሳስበኛል። ከጀርባችን ሥር ያለው ሙሌት በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም፤ ከመሬቱ የሚለየን ምንጣፉ ነው። በየሱቁ ያለው ቢጫ ስፖንጅ ውኃ ይመጥጣል፣ አይሆንም። ለስፖርት እንደሚነጠፈው ያለ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውኃ የማይገባው ምንጣፍ ይሁን። ገንዘቡ ካልበቃ ከረጢቱን ወደ አሥራ አምስት ዝቅ አድርገን ምንጣፉን ለሁሉም እንግዛ። ድንኳን ስንተክል ደግሞ ከደንገሉ ራቅ፣ ከዳርቻው ከፍ እንበል። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚተኛው፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬም ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል።

አባል፣ ከወጣቶች ክፍል፦
እትዬ ያሳዩን ጓል አሳምኖኛል፤ ፖሊስተር ይሁን። ግን «ቀላል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ሻጭ ሁሉ የራሱን ቀላል ይላል። በቁጥር ይጻፍልን፦ ከነመያዣው ከአንድ ኪሎ ከ300 ግራም አይበልጥ፣ ተጨምቆም ከ12 ሊትር አይበልጥ። ቅርጹም ወደ እግር የሚጠብ፣ ራስ የሚሸፍን ኮፍያ ያለው ይሁን። አራት ማዕዘን የሆነው ሰፊ ነው፣ ባዶውን አየር ማሞቅ የእኛ ሥራ ይሆናል። ረጅም ሰዎች ስላለን አራቱ በረጅሙ ልክ ይሁኑ። ወደ ጉናና ወደ ስሜን ለሚወጣ ቡድን ግን ምን ታስቧል?

ገንዘብ ያዥ፦
ለእርሱ መግዛት አንችልም። ጎንደርና ደባርቅ የካምፕ ዕቃ የሚያከራዩ አሉ፤ የኪራዩ ወጪ በየጉዞው በጀት ይያዝ። ስለ ጋቢው የተሰጠኝን መልስ ተቀብያለሁ። ምንጣፉም ይቅደም፤ ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ ስናመጣ የሁለቱም ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ።

ንብረት ክፍል፦
እኔም ሁለት ነገር አስጽፋለሁ። አንደኛው የከረጢቱ የውስጥ ጨርቅ ነው። ብዙ ሰው የሚጋራው ከረጢት በየሳምንቱ አይታጠብም፣ መታጠብ ያደክመዋልና። በውስጡ የሚገባ ስስ ጨርቅ ተሰፍቶለት ጨርቁ ብቻ ይታጠብ። ልብስ ሰፊያችን ፈቃደኛ ከሆኑ ጨርቁን ማኅበሩ ይግዛ።

ሁለተኛው ማስቀመጫው ነው። ፖሊስተርም ቢሆን ለወራት ተጨምቆ ከተቀመጠ ሙሌቱ ይሞታል፣ ዳግመኛም አይነሣም። መጭመቂያው ለጉዞ ብቻ ነው። ግምጃ ቤቱ ውስጥ በገመድ ወይም በዘንግ ላይ ተሰቅለው ይኑሩ። ለዚህ የሚሆን ቦታ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል አለ፤ አሮጌዎቹ ወንበሮች ይነሡልኝ። እርጥብ ከረጢት ደግሞ አልረከብም። ያደረበት ሰው አድርቆ ያምጣ፣ ደረሰኙም ያን ጊዜ ይቀደድለት።

አባል፣ ልብስ ሰፊ፦
እሰፋለሁ። ጥጡን ትተን ስስ ፖሊስተር ይሁን፤ ቀላል ነው፣ ቶሎም ይደርቃል።

ጸሐፊ፦
ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ ለጣና ዳርቻና ለደሴቶች አዳር የሚውሉ፣ በፖሊስተር የተሞሉ፣ የምቾት ሙቀታቸው 5 ዲግሪ የሆነ፣ ከነመያዣቸው ከ1.3 ኪሎ ግራም የማይበልጡ፣ ተጨምቀው ከ12 ሊትር በላይ ቦታ የማይዙ፣ ወደ እግር የሚጠቡና ኮፍያ ያላቸው ሃያ የመኝታ ከረጢቶች ይግዛ፤ አራቱ በረጅም ልክ ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ጋር ውኃ የማይመጥ ምንጣፍ፣ ስስ የውስጥ ጨርቅና ውኃ የማያስገባ መያዣ ይኑር። በጀቱ ካልበቃ የከረጢቱ ቁጥር ወደ አሥራ አምስት ይቀነስ እንጂ ምንጣፉ አይቀነስ። ድንኳን ለሌላቸው አጎበር ይያዝ። ከረጢቶቹ ደርቀው ይመለሱ፤ ግምጃ ቤት ውስጥ ተሰቅለው ይቀመጡ። ለከፍተኛ ተራራ ጉዞ የሚያስፈልገው በኪራይ ይሟላ።»

የጉዞ አስተባባሪ፦
ይስማማኛል። አንድ መስመር ብቻ ይጨመር፦ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከየአቅራቢው አንድ ናሙና ይምጣ። ነክረን፣ ጨምቀን፣ ገመድ ላይ ሰቅለን እንየው። በወረቀት የተጻፈው ሁሉ እዚያ ይለያል።

ገንዘብ ያዥ፦
ናሙና የማይሰጥ አቅራቢ ከውድድር ይውጣ። ይህም ይጻፍ።

ንብረት ክፍል፦
ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሁለት ገመድ አስሬ እጠብቃችኋለሁ። ሚዛን ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ ደረቁንም እርጥቡንም እንመዝነዋለን።

አባል፣ ከወጣቶች ክፍል፦
ሚዛኑን እኔ አመጣለሁ።

ጸሐፊ፦
ሁለቱንም አስገብቻለሁ። የቅዳሜው ውጤት ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ሰኞ ለሥራ አስፈጻሚው ይቀርባል።